በቀኝ እጄ ማማተብ አቃተኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጅማ ቆጪ ሰፈር የምኖር የ61 ዓመት ሰው ነኝ። ስትሮክ ከመታኝ አምስት ወር ሆነኝ። ቀኝ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ማማተብ እንኳ አቅቶኛል። አንዳንዶች መድኃኒቱን ትቼ ጠበል ብቻ እንድጠመቅ ይመክሩኛል። ጾሙም እየደረሰ ነው። ተስፋ እየቆረጥኩ ስለሆነ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ።

ከማማተቡ ልጀምር። በደህናው እጅዎ ቀኙን ደግፈው ቀስ ብለው ወደ ግንባርዎ ያንሱት። ካልደረሰ ደረትዎ ላይ ያሳርፉትና የቀረውን በልብዎ ይጨርሱት። ፊዚዮቴራፒስቶችም የደከመውን እጅ በደህናው እያገዙ ማንቀሳቀስን ያስተምራሉ። ትከሻዎን ካመመዎ ግን አያስገድዱት፤ አነሳሱን ባለሙያው ያሳይዎ።

ጠበሉን ይጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሲጸልይ 15 ዓመት ተጨመረለት። ይህን የምሥራች የነገረው ኢሳይያስ ራሱ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (ኢሳ. 38)። የግፊት ኪኒን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሁለተኛ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። መካሪዎችዎ በፍቅር ቢናገሩም፣ በዚህ ነገር እባክዎ አይስሟቸው።

ስለ ጾሙ፣ ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው ይፈቅዳል። ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። መቆም ካቃተዎም ተቀምጠው ያስቀድሱ።

ሐዘንዎ ግን ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ በድባቴ ይያዛል። የአንጎሉ ጉዳት ራሱም ያመጣዋል። ስለዚህ እንደ ኃጢአት አይቁጠሩት፤ ለሐኪሙም ይንገሩት፣ ሕክምና አለው። መጻጉዕን ያስቡ። 38 ዓመት ተኝቶ ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «አዎ» አላለም። «ሰው የለኝም» ብሎ ብሶቱን ነው የተናገረው። ጌታም አልተቆጣውም፤ ፈወሰው። እርስዎም በጸሎትዎ ምሬትዎን ሳይደብቁ ይንገሩት።

እጅዎ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ቢሆንም ከዓመት በኋላም የሚሻላቸው ብዙ ናቸው፤ አንጎል በልምምድ አዲስ መንገድ ያበጃል። አምስት ወር ገና ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ እንቅስቃሴውን አብሮ ይማርና ቤት ውስጥ በየቀኑ ያሠራዎታል።