ጸጋ በትጋት ወይስ በስጦታ?

ጥያቄ፦ በሂንዱ እምነት የአምላክ ጸጋ የሚገኘው በሰው ትጋት ነው ወይስ እንዲሁ በስጦታ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ በደቡብ ሕንድ ቪሽኑን የሚያመልኩትን የሽሪ ቫይሽናቫ ምእመናን ለሁለት ወገን የከፈለ ነው። ቫዳካላይ የሚባለው የሰሜኑ ወገን ነፍስን በጦጣ ግልገል ይመስላታል፤ እናቲቱ ብትሸከመውም ግልገሉ በገዛ እጁ አጥብቆ ሊይዛት ይገባል። በጣርማ በር ገደል አፋፍ ጭላዳ ልጇን አዝላ ስትዘል ያየ ሰው፣ የሕፃኑ ጣቶች የእናቱን ጠጉር እንዴት ጨብጠው እንደሚይዙ ስለሚያውቅ፣ ምሳሌው ማብራሪያ አያሻውም። ቴንካላይ የተባለው የደቡቡ ወገን ግን የድመትን ግልገል ይመርጣል፤ እናቱ ማጅራቱን በአፏ ነክሳ ስትወስደው እርሱ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል።

በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ከውጭ የሚመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት ባጋቫድ ጊታ የተባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ በምዕራፍ 9 ቁጥር 26 ላይ፣ ቅጠልም ሆነ አበባ፣ ፍሬም ሆነ ውኃ በፍቅር ከቀረበ አምላክ እንደሚቀበለው ይናገራልና። የስጦታው መጠን ከቁጥር አይገባም። ለነገሩ «ፕራሳዳ» የሚለው የሳንስክሪት ቃል ጸጋ ማለት ሲሆን፣ ለአምላክ ቀርቦ ለምእመናን ተመልሶ የሚታደለው ምግብም በዚሁ ስም ይጠራል።