ሐረጎን ስትወርድ የፍሬን ፔዳል ለምን ይሰምጣል?

የሚኒባስ ሾፌር ነው የጠየቀን። ከደሴ ተሳፋሪ ጭኖ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ጨርሶ ኮምቦልቻ ሊገባ ሲቃረብ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጥበታል። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የፍሬን ዘይቱ ከልኩ አልጎደለም። ባልደረባው «ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምርበት፣ ይወፍርልሃል» ብሎታል።

አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሔ አለው። የሞተር ዘይት ግን ጠብታም እንዳታስገባ። እስኪስተካከል ድረስም ሰው ጭነህ ቁልቁለት አትውረድ።

ሲቀዘቅዝ መመለሱ ችግሩን ያሳብቃል። ቢያፈስ ዘይቱ ይጎድል ነበር። ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን የሚገፋው የማስተር ሲሊንደር ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) አልቆ ቢሆን ጠዋት ሞተር ሳይሞቅም ይሰምጥብሃል። ጎማውን ይዞ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ብቻ ግሎ ቢሆን ደግሞ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ይላል። ያንተ ዘይት ውኃ ገብቶበት እየፈላ ነው።

በፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎቹ እየተሳሳቡ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ አይጨመቁም፤ የእግርህ ግፊት ሳይባክን ሸራው ድረስ ይደርሳል። ሙቀቱ መሳሳቡን ሲያሸንፈው ግን ተበታትነው እንፋሎት ይሆናሉ። እንፋሎት አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው፤ ስትረግጠው እሱ ራሱ ይጨመቃል፣ ወደ ሸራው የሚደርስ ግፊት አይኖርም።

የፍሬን ዘይት ከግላይኮል ዝርያዎች የሚሠራው ለዚህ ነው። ሞለኪውሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ እርስ በርስም አጥብቀው ይያያዛሉ። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ችግሩ፣ ያው መሳሳብ ውኃንም ይጠራል። በጎማ ቱቦውና በክዳኑ በኩል እርጥበት ቀስ እያለ ይገባል፣ በተለይ በክረምት፤ ከዘይቱም ጋር ስለሚዋሃድ በዓይን አይለይም። የውኃ ሞለኪውል ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ያመልጣል። ከመቶ አራት እጅ ያህሉ ውኃ ከሆነ ዶት 3 በ140፣ ዶት 4 በ155 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ወደ 600 ሜትር ገደማ እየተረገጠ የሚወረድበት ፍሬን እዚያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም።

ስለዚህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይር፤ ከላይ መሙላት ብቻ አይጠቅምህም። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ያልተከፈተ ጣሳ ግዛ። ተከፍቶ የከረመ ትርፍ አትጠቀም፣ እሱም ውኃ ጠጥቷል። ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምረህ አስተንፍስ፣ ማለትም አሮጌውን ዘይት በመተንፈሻው አስወጣ፤ ቡናማ ሆኖ የሚወጣው ጠርቶ ቀላል ቢጫ እስኪሆን ድረስ አታቁም። ዶት 5 የሚባለውን አትቀላቅል፣ ሲሊኮን ስለሆነ ከነዚህ ጋር አይዋሃድም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውኃ እጠበው። በየሁለት ዓመቱ መቀየሩን ልማድ አድርገው፤ ስትወርድም በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝልህ።

የሞተር ዘይቱን የከለከልኩህ በጎሚኒው ምክንያት ነው። ዘይቱም ጎሚኒውም በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን ስለሆኑ ይስማማሉ፤ ዘይቱ በጎማው የሞለኪውል ሰንሰለቶች መካከል ሰርጎ ይገባና ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ስታወጣው በጣት ሲጫኑት ይላላል፣ ከንፈሩ ተገልብጧል፣ ወደ ቤቱ ልመልስህ ብትለው አይገባም። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብም ያው ነው። ባልደረባህ በራሱ መኪና ላይ ጨምሮ ከሆነ መስመሩን አጥቦ ጎሚኒዎቹንና የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ሳይቀይር ከደሴ እንዳይነሳ ዛሬውኑ ንገረው።