ለትንሿ ውሻሽ ልብስ ልትሰፊ ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ «ለትንሿ ውሻዬ የክረምት ልብስ መስፋት መማር ፈልጌ ነበር፤ ስፌት ትምህርት ቤት ልግባ ወይስ ራሴ ልሞክር?» ብለሻል። አትግቢ! ብርሽን ያዢ። እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ። ጉርድና ሸሚዝ ነው የሚያስተምሩት። ስለ ውሻ ልብስ ስጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አስተማሪዋም አብራ ሳቀች። ልውጣ ስል ደግሞ የከፈልሽው አይመለስም ተባልኩ።

1. ልኬት። የአንገቷን ዙሪያ፣ ከአንገቷ ሥር እስከ ጭራዋ መነሻ ያለውን ጀርባ፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ ደግሞ የደረቷን ዙሪያ ለኪ። ዋናው ደረት ነው። ሁለት ጣት የሚያስገባ ትርፍ ተዪለት። ቆማ ትለካ፤ ተቀምጣ ከለካሻት ልክ አይመጣም።

2. ለልብስ ሰፊ እንዳትሰጪ። የኛ ሰፈሩ ሰውዬ መርካቶ ዞሬ የገዛሁትን ወፍራም ጨርቅ ተቀበለና ሜትሩን ሊያስነካት እንኳ አልፈለገም። «ውሻ አልነካም፤ እንደ ሕፃን ልጅ አድርጌ እቆርጠዋለሁ» አለ። ቆረጠውም! እጅጌው በግራና በቀኝ ተገትሮ ወጣ። የውሻ እግር እንደ ሰው ክንድ በጎን አይወጣም እኮ፤ ወደ ታች ነው፣ ከደረት ሥር። ሳለብሳት አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት። ለሰውዬው ወስጄ ባሳየው «ልብሱ ምን ሆነ? ውሻዋ ናት ጠማማ» ብሎኝ እርፍ። ሒሳቡን ግን ሙሉውን ተቀበለ። አሁንም በበሩ ሳልፍ ያንገበግበኛል።

3. በዚያው ንዴት ቤት ገብቼ ስፌቱን ተረተርኩትና ጋዜጣ ላይ አዲስ ቆረጥኩ። የጀርባው ሰፊ፣ የሆዱ ጠባብ። የእግር ቀዳዳዎቹ ሁለቱ በሚጋጠሙበት ስፌት ላይ፣ ወደ አንገት ቀረብ ብለው። ጨርቁ የሚለጠጥበት አቅጣጫ በሰውነቷ ዙሪያ ይሁን፤ ያለዚያ በጭንቅላቷ አይገባም። መቼም አንቺም እንደኔ የእናትሽ አሮጌ ሲንጀር አለሽ። እሱ ቀጥ አድርጎ ብቻ ነው የሚሰፋው። የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ክሩ ብጥስ ብጥስ ይላል፤ ስለዚህ ጨርቁን በትንሹ ሳብ እያደረግሽ ስፊ። ጫፏ ደልደም ያለች መርፌም ፈልጊ፤ ሹል መርፌ የሹራቡን ክር እየበጠሰ ቀዳዳ ያወጣል።

እማዬ «ሰው የሚለብሰው አጥቶ!» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታጉረመርም ከረመች። አሁን እንግዳ ሲመጣ «ልጄ ናት የሰፋችው» የምትለው እሷው ናት።

ለጀማሪ ግን ከሁሉም የሚቀለው የሰልባጅ ሹራብ እጅጌ ነው። የውሻሽን ደረት የሚያክል እጅጌ ቁረጪ። የእጁ ጫፍ አንገት ይሆንልሻል። ሁለት የእግር ቀዳዳ ከፍተሽ ዙሪያውን በክር ያዢው፣ አለቀ። ቁልፍ አታድርጊበት፣ ነቅላ ትውጠዋለች። በቁልፍ ፈንታ የሚሰፋው ተጣባቂ ቬልክሮም ፀጉሯን ይይዝባታል። ዝናብ ከነካው ቶሎ አውልቂላት፤ እርጥብ ሹራብ ጭራሽ ያበርዳታል።

ልኬቷን ጻፊልኝ፤ የጋዜጣውን አቆራረጥ ሥዬ እልክልሻለሁ። ሹራቡን ግን ራስሽ ፈልጊ፣ የባለቤቴ አልቋል።