ከስንት ወደ ስንት? የሰሞኑ የሕክምና ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዎቻችሁ ተከማችተዋል፣ ዛሬ የቻልኩትን ያህል ላቃልል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ማንነት የሚያሳብቅ ነገር ያለበትንም አውጥቼዋለሁ። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ዜና ላይ ስላያችሁት ፐርሰንት ነው፣ እና አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ «በዚህን ያህል ፐርሰንት ቀነሰ» የሚል ነገር ባያችሁ ቁጥር «ከስንት ወደ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ።

በቀን አስር ሺ እርምጃ ካልሞላሁ ልፋቴ ከንቱ ነው ወይ?

ኧረ አይደለም። 2025 ላይ ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ግምገማ አብዛኛው ጥቅም 7,000 አካባቢ ላይ እንደሚገኝ ነው የሚያሳየው፣ 4,000ም ከ2,000 ይሻላል። ዝም ብለህ ተራመድ።

አንዲት እህት እናቷ 74 ዓመታቸው ነው፣ መርሳት ጀምረዋል፣ አልዛይመር ገና ጅማሬው ላይ ነው ተብለዋል። ሌካኔማብ የሚባለው መድሃኒት በሽታውን በ27 ፐርሰንት ያዘገያል የሚል አንብባ ቤተሰቡ ቤት ሸጦም ቢሆን ሊያሳክማቸው እየመከረ ነው።

እህቴ፣ ቤቱን አትሽጡ። ቢያንስ ይሄን አንብባችሁ ከሐኪማቸው ጋር ቁጭ ብላችሁ እስክትነጋገሩ ድረስ አትሽጡ።

መድሃኒቱ የማጭበርበሪያ ነገር አይደለም፣ በ2023 የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት አስተዳደር ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶታል። አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ያጸዳል፣ መጽዳቱም በምስል ይታያል። ዋናው ጥያቄ ግን ፕሮቲኑ ሲጸዳ ሰውየው ምን ያህል ይጠቀማል የሚለው ነው።

ጥናቱ ላይ 1,795 ሰዎች ነበሩ፣ ግማሾቹ መድሃኒቱን ግማሾቹ ማስመሰያውን (መድሃኒት የሌለበትን) በየሁለት ሳምንቱ በደም ስር ለ18 ወር ወሰዱ። ለውጡ የተለካው ስድስት ነገሮችን በሚያይ መመዘኛ ነው፦ ትውስታ፣ ጊዜና ቦታ መለየት፣ ማመዛዘን፣ ከቤት ውጪ ያለው ኑሮ፣ የቤት ውስጥ ስራ፣ ራስን መጠበቅ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 18 ነው፣ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር በሽታው ባሰ ማለት ነው። ማስመሰያውን የወሰዱት በ18 ወር ውስጥ በአማካይ በ1.66 ነጥብ ባሰባቸው፣ መድሃኒቱን የወሰዱት ደግሞ በ1.21። ልዩነቱ 0.45 ነው። 0.45ን ለ1.66 ስታካፍይው ያቺ 27 ፐርሰንት ትመጣለች።

ስሌቱ ትክክል ነው፣ ውሸት የለበትም። ግን ከ18 ነጥብ ውስጥ ግማሽ ነጥብ እንኳን ያልሞላ ልዩነት ነው፣ ሐኪሙ በዛ መመዘኛ ላይ መስጠት የሚችለው ትንሹ ልዩነት ራሱ ግማሽ ነጥብ ነው። እና ደግሞ ልብ በይ፣ መድሃኒቱን የወሰዱትም በአማካይ እየባሰባቸው ነው የሄደው፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ ቆሞላቸው ወይ ወደ ኋላ ተመልሶላቸው አይደለም። ይሄን ያህል ልዩነት ቤተሰብ ዓይቶ «እማዬ ተሻላት» የሚለው ነገር ነው ወይ በሚለው ላይ የዘርፉ ሐኪሞች ራሳቸው አልተስማሙም። ዜናውን የሚጽፈው ሰው 27ን ጽፎ 0.45ን ሲተወው ርዕሱ እንደሚያምርለት ይገባኛል፣ ግን ቤቱን የሚሸጠው እሱ አይደለም፣ አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው ይሄ ነገር እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ሌላው ጎን ደግሞ አለ። መድሃኒቱን ከወሰዱት 100 ሰዎች ውስጥ ወደ 13ቱ አንጎላቸው ላይ እብጠት ታይቷል፣ ማስመሰያው ላይ 2 አይሞሉም። አብዛኛው ምልክት እንኳን ሳያሳይ በኤምአርአይ ብቻ ነው የሚታወቀው፣ ነገር ግን የከበደባቸው አሉ፣ ደም የፈሰሳቸውም አሉ። አፖኢ4 የሚባለውን የጂን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ላይ እብጠቱ ከ100 ሰው ውስጥ 33 ያህሉ ላይ ይታያል። ስለዚህ እናትሽ የጂን ምርመራ ሳያደርጉ፣ ደም ማቅጠኛ ይወስዱ እንደሆነ ሳይጣራ፣ በየጊዜው ኤምአርአይ የሚነሱበት ቦታ ሳይገኝ ይሄ መድሃኒት መጀመር የለበትም። ኒውሮሎጂስት (የአንጎልና የነርቭ ሐኪም) ጋ ሂዱ፣ ይሄን የምለው ለወጉ አይደለም። ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሽታው አልዛይመር መሆኑ በምን ተረጋገጠ፣ የጂን ውጤታቸው ምንድነው፣ እብጠት ቢመጣ ማን ያየዋል።

እስከዛው የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የድብርት፣ የጆሮና የዓይን ምርመራ ያድርጉ። ከመርሳት ጋር ተደራርበው ሰውን የባሰ የሚያደክሙ ነገሮች ናቸው፣ መፍትሄም አላቸው።

ጡረታ የወጡ አንድ አባት የአልማዝ ባለጭራ ክትባት መርሳትን ይከላከላል መባሉን ሰምተው «እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ይላሉ።

ወሬ አይደለም ጋሼ፣ ጥናቱ ደስ የሚል ነው፣ ትንሽ ላውራልዎት። ዌልስ ውስጥ 2013 ላይ ክትባቱ ሲጀመር በልደት ቀን ነው የተከፈለው። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 ጀምሮ የተወለደ ይከተባል፣ ከዛ በፊት የተወለደ መቼም አይከተብም። እንግዲህ በሳምንት ልዩነት የተወለዱ ሰዎችን ያስቡ፣ በአመጋገብም በትምህርትም በኑሮም በአማካይ አንድ ናቸው፣ የሚለያዩት ክትባቱ ስለተፈቀደላቸውና ስላልተፈቀደላቸው ብቻ ነው። «ጤናው የሚያሳስበው ሰው ስለሆነ ነው የተከተበው» የሚለው ጥርጣሬ እዚህ ላይ ይወድቃል። 2025 ላይ ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንደወጣው ከሆነ የተከተቡት በሰባት ዓመት ውስጥ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ነገር በአንድ አምስተኛ ቀንሷል፣ በቁጥር ሲቀመጥ ከ100 ሰው ውስጥ 3.5 ያህሉ ከበሽታው ተረፉ ማለት ነው፣ ሴቶች ላይ ደግሞ ጎልቶ ታይቷል።

ያኔ የተሰጠው የድሮው፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ነው፣ አሁን በብዛት የሚሰጠው ሌላ ነው። እንደዛም ሆኖ አልማዝ ባለጭራ ራሱ ስቃዩ ቀላል አይደለም፣ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑና ክትባቱ ካለ ለሱ ብለው ይከተቡ፣ የመርሳቱን ነገር እንደ ምርቃት ይያዙት። ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ታናሽ ወንድሙ ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ያለበት ልጅ «ክሪስፐር አዳነው ይላሉ፣ የት ነው የምንወስደው?» ይላል።

ውጤቱ እውነት ነው። ካስጌቪ ይባላል፣ ጂን በሚቆርጠው የክሪስፐር ዘዴ የተሰራ ሕክምና ነው፣ 2023 መጨረሻ ላይ መጀመሪያ እንግሊዝ ቀጥሎ አሜሪካ ፈቀዱት፣ ከ12 ዓመት በላይ ላለ ሰው ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ሁላችንም ማህጸን ውስጥ እያለን የምንጠቀምበት ሌላ ሄሞግሎቢን አለን፣ ከተወለድን በኋላ አንድ ጂን ያጠፋዋል። የታማሚውን የደም እናት ሴሎች አውጥተው ያንን ማጥፊያ በክሪስፐር ይቆርጡና መልሰው ይሰጡታል፣ የሕጻንነቱ ሄሞግሎቢን ይመለሳል፣ ቀይ የደም ሴሉ መታጠፉ ይቀራል። በቂ ጊዜ ከተከታተሏቸው 31 ሰዎች 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወር ከባድ ሕመም አልተነሳባቸውም።

ዜናው የሚዘለው ነገር ግን መሃል ላይ ያለውን ነው። የተስተካከለው ሴል ቦታ እንዲያገኝ የድሮው መቅኔ በከባድ ኬሞ መጽዳት አለበት፣ ሳምንታት ሆስፒታል መተኛት አለ፣ ልጅ መውለድን ሊያሳጣ ይችላል፣ አሜሪካ ውስጥ የተተመነለት ዋጋም 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እና ወንድሜ፣ እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ ወንድምህ ሃይድሮክሲዩሪያ ይወስዳል? ደብዳቤህ ላይ አልጠቀስከውም። በአፍ የሚወሰድ የድሮ መድሃኒት ነው፣ እሱም ያንኑ የሕጻንነት ሄሞግሎቢን ነው ከፍ የሚያደርገው፣ ከክሪስፐሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። አንጎላ፣ ኮንጎ፣ ኬንያና ዩጋንዳ ውስጥ ሕጻናት ላይ ተሞክሮ 2019 ላይ የወጣው ውጤት የሕመሙን መነሳት ብቻ ሳይሆን ወባንም ሞትንም እንደቀነሰ አሳይቷል። የደም ምርመራ ክትትል ስለሚፈልግ ከሐኪም ውጪ አይጀመርም፣ ግን የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ መጀመሪያ የምታነሳው ይሄ ይሁን።

«ለኤችአይቪ ክትባት ተገኘ አይደል?»

አልተገኘም። የሰማሽው ሌናካፓቪርን ነው፣ በዓመት ሁለቴ ቆዳ ስር የሚወጋ መከላከያ መድሃኒት። መርፌው ሲቋረጥ መከላከሉም ያበቃል። ውጤቱ ግን ማጋነን የማያስፈልገው ነው፦ ደቡብ አፍሪካና ዩጋንዳ ውስጥ ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። በየቀኑ ክኒን ከሚወስዱት ሁለት ቡድኖች ውስጥ በአንዱ ከ2,136ቱ 39፣ በሌላው ከ1,068ቱ 16 ተይዘዋል። እዩት፣ ይሄ «ከስንት ወደ ስንት» ተብሎ ሲጠየቅ ራሱን ችሎ የሚቆም ነገር ነው። ከመወጋት በፊት ነጻ መሆንሽ በምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ኦዜምፒክ የሚባለውን፣ ክብደትም የሚቀንስ የስኳር በሽታ መርፌ በኢንተርኔት አዝዛ 11 ኪሎ የቀነሰች አንባቢ «አሁን ማቆም እችላለሁ?» ትላለች።

ስታቆሚ ምን እንደሚመጣ ልንገርሽ። ውስጡ ያለው ሴማግሉታይድ በተጠናበት ትልቅ ጥናት ላይ ሰዎቹ በ68 ሳምንት ወደ 15 ፐርሰንት ክብደታቸውን ቀነሱ፣ ካቆሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ላይ ሁለት ሦስተኛው ተመለሰ። የነሱ ስንፍና አይደለም፣ መድሃኒቱ ሲወጣ የምግብ ፍላጎቱ ስለሚመለስ ነው። ልብንም ይጠብቃል የሚባለው እውነት ነው፣ ሆኖም ጥናቱ ቀድሞ የልብ ወይም የደም ስር በሽታ ያለባቸው ላይ ነው የተሰራው፣ «በ20 ፐርሰንት ቀነሰ» የተባለውም ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የያዘው ወይም በልብና በደም ስር በሽታ የሞተው ከ100 ሰው 8 የነበረው ወደ 6.5 ወረደ ማለት ነው።

ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ያለ ሐኪም፣ ከማታውቂው ሻጭ ገዝተሽ ነው የምትወጊው። የተጭበረበረ ኦዜምፒክ ገበያ ላይ መገኘቱን የዓለም ጤና ድርጅትም አስጠንቅቋል፣ እውነተኛው ራሱ ቆሽት ላይ ብግነት፣ ሐሞት ላይ ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰውም መውሰድ የለበትም። እባክሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ብልቃጡንም ይዘሽ ሂጂ። ሆድሽን ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ ሕመም ከተሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

«አባቴ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ጣቱ ላይ የሚሰካው ኦክስጅን መለኪያ ግን 94 ይላል፣ ደህና ነው አይደል?»

ይሄን እንዳየሁ ለብቻ መልሼለታለሁ፣ ለሌሎቻችሁም ልድገመው፦ ትንፋሽ ካጠረው ቁጥሩን ትታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት።

መሳሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ነው የሚገምተው፣ የቆዳ ቀለም ደግሞ ብርሃኑን ይይዛል። 2020 ላይ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ እንደወጣው መሳሪያው ከ92 እስከ 96 ባለበት ጊዜ ከደም ስር ተቀድቶ ሲለካ ግን ከ88 በታች የሆነው ነጮች ላይ ከ100 ጊዜ ውስጥ 4 ጊዜ ያህል ሲሆን ጥቁሮች ላይ 12 ጊዜ ያህል ነበር። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በየሆስፒታሉ ያለ፣ በኮቪድ ጊዜ ኦክስጅን ማን ያግኝ ተብሎ የተወሰነበት መሳሪያ ነው እኮ ይሄ! «ከስንት ወደ ስንት» ብላችሁ ስትጨርሱ «ማን ላይ ተሞክሮ?» ብላችሁም ጠይቁ። ቤት ውስጥ ከያዛችሁት የራሱ ቁጥር ከትናንት ወረደ ወይ የሚለውን እዩበት፣ 94 ስላለ ብቻ አትተኙ።

በምራቅ የጂን ምርመራ አድርጋ «የጡት ካንሰር ጂን የለብሽም» የተባለች «ማሞግራም (የጡት ራጅ) ይቅርብኝ?» ትላለች።

አይቅርብሽ። ቢአርሲኤ በሚባሉት ሁለት ጂኖች ላይ አደገኛ የሆኑ ለውጦች በሺዎች ናቸው፣ 2018 ላይ ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ ለሚባለው የጂን ምርመራ ኩባንያ የተፈቀደው ምርመራ 3ቱን ብቻ ነበር የሚያየው፣ እነሱም በብዛት የሚገኙት የአሽኬናዚ (የመካከለኛውና የምስራቅ አውሮፓ) አይሁድ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በዛ ላይ አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚመጣው ከነጭራሹ ከነዚህ ጂኖች ውጪ ነው። እናትሽና አክስትሽ ታመው ነበር ካልሽ ደግሞ ሙሉ የጂን ምርመራ ያስፈልግሻል፣ በሐኪም በኩል።

ሰዓቱ ደም ሳይነካ ስኳር ይለካል ተብሎ የገዛው ሰው ኢንሱሊኑን በሱ ሊመጥን ነው።

በፍጹም! ቆዳ ሳይበሳ ስኳር ለሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት ፈቃድ እንዳልሰጠ የአሜሪካው መድሃኒት አስተዳደር ፌብሩዋሪ 2024 ላይ አስጠንቅቋል። በተሳሳተ ቁጥር የተወጋ ኢንሱሊን ሰው ይገድላል። ጣትህን ወጋ፣ ወይ ቆዳ ስር የሚቀመጠውን ሴንሰር ተጠቀም።

«ጥርስ የሚያበቅል መድሃኒት መቼ ይደርስልናል?»

ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ 2024 ላይ ሰው ላይ ሙከራ ተጀምሯል፣ የመጀመሪያው ዙር ደግሞ የሚያየው ጉዳት እንደሌለው ነው። ያሉህን ጥርሶች ጠብቃቸው።