የልብ ምት ቆጠራ ውጤት አሰላል
በልብ ምት ቆጠራ ሙከራ፣ ተሳታፊው ልቡን በማዳመጥ ብቻ 50 ምት ቆጥሮ የልብ ምት መመዝገቢያው መሣሪያ 60 ከመዘገበ ውጤቱ ስንት ነው ብለው ጠይቀዋል፤ 0.83 ነው። ልዩነቱን፣ ማለትም 10ን፣ ለ60 ያካፍሉና ከ1 ይቀንሱ። ተሳታፊው አብዝቶ ቢቆጥርም ልዩነቱን ያለ መቀነስ ምልክት ይውሰዱ። በ25፣ በ35 እና በ45 ሰከንድ ዙሮች ይህንኑ ሠርተው አማካዩን ያውጡ። ተመራማሪው ሻንድሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ በዚህ መልክ ይሠራል።

አደራ የምልዎት ግን መመሪያውን ነው። አንዲት ተሳታፊ እጅግ ከፍተኛ ውጤት አምጥታ እንዴት እንደቆጠረች ስጠይቃት፣ «ልቤ በደቂቃ 70 ያህል እንደሚመታ ስለማውቅ ሰዓቱን ገምቼ አሰላሁት» አለችኝ። ልቧን አላዳመጠችም! ስለዚህ «የተሰማዎትን ምት ብቻ ይቁጠሩ፤ ምንም ካልተሰማዎት ዜሮ ይበሉ» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። ጣታቸውም የእጅ አንጓቸው ላይ እንዳያርፍ ይመልከቱ።