ስለ ቅድመ አያትዎ የአረቄ ክስ፦ የት ይኖሩ እንደነበር ሳይሆን የት እንደተያዙ ይጠይቁ

ጤና ይስጥልኝ። ቅድመ አያትዎ በጃንሆይ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ በድብቅ አረቄ ያወጡ እንደነበርና አንድ ጊዜም ተይዘው እንደተቀጡ ከዘመድ መስማትዎን ገልጸው፣ የክሱን ወረቀት ከየት ማግኘት እንደሚችሉ ጠይቀዋል። እኔም የራሴን ቅድመ አያት ዶሴ ፍለጋ ሦስት ዓመት ግድም የተንከራተትሁ ሰው ነኝ። የእርስዎም ጉዳይ ከእኔው የሚለይ አይመስለኝምና የደረሰብኝን እነግርዎታለሁ።

1. ቤተሰብዎን በመጠየቅ ብዙ ጊዜ አያጥፉ። እናቴ «ጠላ ነበር የሚሸጡት፣ አረቄ የሚባል ነገር በቤታችን አልታየም» ስትለኝ ዓመት አለፈ። ከዘመድ ይልቅ ዕቃ ያቀርቡላቸው የነበሩትን ሰዎች ይፈልጉ፤ እነሱ የሚያፍሩበት ነገር የለም። ጌሾው ከዘጌ በደንገል ታንኳ ይመጣ ስለነበር፣ ለእኔ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጡኝ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ጌሾ ያመላልሱ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ማን ስንት እስር ጌሾ ይወስድ እንደነበር፣ ማን በዱቤ ወስዶ እንደካደ ሳይቀር ያስታውሳሉ። ቅድመ አያቴ አልካዱም፤ ይህንን ደጋግሜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

2. ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። ሰው የሚያስታውሰው ዓመቱን ሳይሆን በዚያን ጊዜ የሆነውን ነው። «ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲተከል ነው ወይስ ሩሲያዎች ፖሊ ቴክኒኩን ሲሠሩ?» ብዬ ስጠይቃቸው አዛውንቱ ወዲያውኑ «ፖሊ ቴክኒኩ ገና ሲጀመር» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1955 ዓ.ም. ስለሆነ ፍለጋዬ ወደ ሁለትና ሦስት ዓመት ጠበበልኝ።

3. ዋናው ይህ ነው፤ እኔን ገንዘብም ጊዜም ያስከፈለኝ እሱ ነውና። ቅድመ አያቴ ቤታቸውም ደንበኞቻቸውም ባሕር ዳር ስለነበሩ፣ ዶሴያቸው በጎጃም በኩል እንደሚገኝ ለአፍታም አልተጠራጠርሁም። ባሕር ዳር ያኔ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አካል፣ መቀመጫውም ደብረ ማርቆስ ነውና 260 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ አራት ጊዜ ተመላለስሁ። በጎጃም በኩል ከሄድሁባቸው ቢሮዎች በአንዱ ያጋጠመኝን እስከዛሬ አልረሳውም። መጀመሪያ የትብብር ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ፤ አመጣሁ። ደብዳቤው ማኅተም እንጂ ቲተር የለውም ተብሎ ተመለሰ፤ ቲተር አስደርጌ መጣሁ። በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ «የአረቄ ሻጭ ልጅ ደግሞ ታሪክ ፍለጋ መጣ» አለና ሁለቱም ሳቁ። ባለጉዳዩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መልስ ሳልሰጥ በመውጣቴ አሁንም ይቆጨኛል፤ በዚያ አረቄ ገንዘብ አምስት ልጆች ተምረዋል፣ አንዱ መምህር ሆኖ ጡረታ ወጥቷል።

ዶሴው ግን እዚያ ሊገኝ አይችልም ነበር። ለጌሾው አዛውንት ሄጄ ምሬቴን ስነግራቸው «ታዲያ ድስቱ እኮ የሚጣደው ዓባይ ማዶ ነበር» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። የዳጉሳው ድፍድፍ በድስት ተጥዶ፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ሲወርድ መቀበያው ዕቃ ያለማቋረጥ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፈቅ አለበት፤ በዚያ ላይ ጭሱና ሽታው ጎረቤት ያስነሣል። ስለዚህ ወንዝ ዳር መሆን ግድ ነው። ወዲህኛውን ትተው ማዶውን የመረጡበትን ምክንያት ሲያስረዱኝም «የወዲህኛው ፖሊስ ወንዙን ተሻግሮ አይዝማ» አሉ። ዛሬ ዓባይ ማዶ የባሕር ዳር ከተማ አንዱ ሰፈር ነው፤ ያኔ ግን ዓባይን የተሻገረ ሰው ከጎጃም ወጥቶ በጌምድርና ስሜን ገባ ማለት ነው፤ የዚያ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ደግሞ ጎንደር ነበር። ቅድመ አያቴ ፊደል ሳይቆጥሩ ይህንን የአስተዳደር ወሰን ጠንቅቀው አውቀው ሲሠሩበት ኖረዋል፤ እኔ ዲግሪ ይዤ ሦስት ዓመት አልገባኝም። ውሎ አድሮ የተያዙትም በማዶኛው ፖሊስ ነው፤ ዶሴውም የቀረው እዚያው በበጌምድር በኩል ነው።

4. ስለ ስም ልጽፍ ነበር፤ እሱም ከዚሁ ታሪክ የተያያዘ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ቀዮ» ይላቸው ስለነበር በዚህ ስም ስጠይቅ ኖሬአለሁ። በበጌምድር በኩል መዝገቡ የተገኘው የሟች ወንድማቸውን ልጅ አግኝቼ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም አሟልቼ ስሄድ ነው። ከመሄድዎ በፊት ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ድረስ ይያዙ።

ዶሴው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ያለ ፈቃድ አረቄ ማውጣት ይላል፤ ከሥር በኤግዚቢትነት የተያዙት ዕቃዎች ተዘርዝረዋል፦ አንድ ድስት፣ ሁለት እንስራ፣ አንድ ሸምበቆ፣ 11 ጠርሙስ ዳግም አረቄ። በፊርማው ቦታ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ቀለሙ በዝቶ ዳር ዳሩ ፈስሷል። «ዳግም» የሚለውን ቃል ጸሐፊው መጻፉ አስደስቶኛል፤ ሁለት ጊዜ የወጣ እንጂ ተራ አረቄ አልነበረም ማለት ነው።

ቅጂውን ይዤ ቤት ገብቼ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ጠርሙሱ 15 ነበር፤ አራቱን ፖሊሶቹ እዚያው ጠጥተዋቸው ነው» አለች።