መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ ለምን አይፒ ያጣሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ አለኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኖቹ ሁሉ በአንዴ ይነሳሉ፤ ግን ብዙዎቹ በ169.254 የሚጀምር አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ይዘው ኢንተርኔት የለም ይላሉ። ሃርድ ዲስክ የሌላቸውና ከሰርቨሩ በኔትወርክ የሚነሱት ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራሉ። አንድ ባለሙያ «አይፒውን በእጅ ሙላው» አለኝ። ልሙላው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተው አትሙላ። ማሽኖችህ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ማን ቀድሞ ይነሳል የሚለው ነው።

ኮምፒውተር ሲነሳ አድራሻ የለውም። ስለዚህ ላኪው 0.0.0.0 የሆነ መልእክት ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ ላለው ሁሉ ይልካል፤ አይፒ የሚሰጠኝ አለ ወይ ነው ጥያቄው። ራውተሩ ላይ ያለው ዲኤችሲፒ፣ ማለትም አይፒ የሚያድለው አገልግሎት፣ አንድ አይፒ ያቀርብለታል፣ እሱም ይሄንን ልያዝ ይላል፣ ራውተሩ ያጸድቅለታል። በቃ፣ አራት መልእክት ነው። መብራት እንደመጣ ግን ራውተሩ ራሱ ገና እየተነሳ ስለሆነ መልስ የሚሰጥ የለም። ያኔ ዊንዶውስ ለራሱ 169.254 ያወጣል፣ ጠይቄ መልስ አጣሁ ማለቱ ነው። በየ5 ደቂቃው እንደገና ስለሚሞክር ሳትነካውም ይስተካከላል፤ ከቸኮልክ የኔትወርክ ገመዱን ነቅለህ ሰካው።

ዲስክ የሌላቸው ግን እንዲህ አይታገሱም። እነሱ ከአይፒው ጋር ከየትኛው ሰርቨር የትኛውን ፋይል አውርደው እንደሚነሱም መስማት አለባቸው፣ እሱም የሚመጣው በዚያው በዲኤችሲፒ መልስ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ቡትፒ የተባለው ደንብ የተሠራው ለእንደነዚህ ዓይነት ማሽኖች ነበር፤ ዲኤችሲፒ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣው እሱን አስፍቶ ነው። ታዲያ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ አይፒውን የት ገብተህ ትሞላዋለህ? በፒኤክስኢ፣ ማለትም ከኔትወርክ በመነሻው ደንብ፣ ማሽኑ 4፣ 8፣ 16፣ ከዚያ 32 ሰከንድ እየጠበቀ ይጠይቃል፤ በጠቅላላው አንድ ደቂቃ ነው። ካልተመለሰለት ይተወዋል።

ስለዚህ ገንዘብህን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አውጣ፤ ራውተሩን፣ ስዊቹን (የኮምፒውተሮቹ ገመድ የሚሰካበትን ሳጥን) እና ሰርቨሩን እሱ ላይ ሰካቸው። የተማሪዎቹን ማሽኖች ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ገብተህ መብራት ሲመለስ በራሳቸው እንዳይነሱ አድርጋቸው፣ ሰርቨሩ ሲረጋጋ አንተ ታበራቸዋለህ። ይሄም ሆኖ የሚያስቸግሩ ከሆነና ስዊችህ ሴቲንግ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ስፓኒንግ ትሪ (የገመድ ዙር እንዳይፈጠር የሚከላከለው የስዊቹ አሠራር) እያንዳንዱን ፖርት፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ይዞ ሊያቆየው ስለሚችል ባለሙያው የኮምፒውተሮቹ ፖርቶች ላይ ይህን መቆየት የሚያስቀረውን ፖርትፋስት ያብራልህ።